ናሲዮናል ሆቴል ማንን ያስገባል?

ጓደኛዬ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት አለው። የዓመት ፈቃዱን ሃቫና ለማሳለፍ ሲያስብ አንድ ሆቴል ውስጥ ካላደርኩ ብሎ ተነሳ፤ «ናሲዮናል ደ ኩባ»። ምክንያቱ ፎቶ ነው። አባቱ ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ናቸው። ፎቶው ላይ ቀጫጫ ልጅ ሆነው ማሌኮን በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ኮረብታው ላይ ባለ ሁለት ማማ ትልቅ ሕንፃ ይታያል። ሕንፃውን ከውጭ እንጂ ከውስጥ አላዩትም። ልጃቸው ታዲያ «እኔ ገብቼ አድርበታለሁ» ብሎ ፎከረ።

አልሆነለትም። የአሜሪካ መንግሥት በ2020 (ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው) ኩባ ውስጥ ማደር የተከለከለባቸውን ከ400 በላይ ማረፊያዎች ዘርዝሮ አውጥቷል። ናሲዮናልም እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ።

ደውሎ ሲነግረኝ ሳቅኩበት። ከዚያ የሆቴሉን ታሪክ ሳገላብጥ ሳቄ ቆመ። ይህ በር ለካ ከተሠራ ጀምሮ ሁሌም አንድ የማያስገባው ሰው ነበረው።

አስቂኙ ነገር ሆቴሉ መጀመሪያ የተሠራው በአሜሪካኖች፣ ለአሜሪካኖች መሆኑ ነው። ንድፉን ያወጣው ማኪም፣ ሚድ ኤንድ ዋይት የተባለው የኒውዮርክ ድርጅት ነው። ቦታው ድሮ ስፔኖች ከባሕር የሚመጣ ጠላት ለመመከት መድፍ ያጠመዱበት ኮረብታ ነበር። በሩ የተከፈተው በታኅሣሥ 30፣ 1930 ነው። በጊዜው አሜሪካ ውስጥ አልኮል መሸጥ በሕግ ክልክል ነው፤ ኩባ ደግሞ ከፍሎሪዳ ጫፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ሀብታሙ ፈረንጅ መጠጡንም ፀሐዩንም ፍለጋ ይመጣ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሆቴሉ ጦር ሜዳ ሆነ። በመስከረም 1933 ባቲስታ የሚባል ሳጅን ተራ ወታደሮችን አሳምፆ መኮንኖቹን ከሥልጣናቸው አባረረ። መኮንኖቹ ሄደው የመሸጉት የት ይመስላችኋል? የአሜሪካው አምባሳደር የሚኖርበት ናሲዮናል ውስጥ! አምባሳደሩ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ጥቅምት 2 ቀን ሆቴሉ በመድፍ ተደበደበ፤ መኮንኖቹ እጃቸውን ሰጡ፤ እጅ ከሰጡ በኋላም የተገደሉ አሉ።

በ1946 መጨረሻ የአሜሪካ ማፊያ አለቆች ስብሰባቸውን እዚያ አደረጉ። ላኪ ሉቺያኖ፣ ሜየር ላንስኪ፣ ሌሎችም። («ጎድፋዘር» ክፍል ሁለትን ያየ ሰው የሃቫናውን ነገር አይረሳም፤ ሃይማን ሮት የሚባለው ሽማግሌ የተቀዳው ከላንስኪ ነው።) ለነዚህ ሰዎች በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነፍሰ ገዳይነት አያስከለክልም ነበር ማለት ነው።

ጥቁርነት ግን ያስከለክላል። ጆሴፊን ቤከር፣ ፓሪስን ያንቀጠቀጠችው ዘፋኝና ዳንሰኛ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክፍል ጠይቃ ተከለከለች። ናት ኪንግ ኮል በ1956 ትሮፒካና የምሽት ክበብ ሊዘፍን ሃቫና ሲገባ እሱም ናሲዮናል ማደር አልተፈቀደለትም። ዛሬ ሆቴሉ ሐውልቱን አቁሞለታል። ባቲስታ ራሱ ክልስ ነበር። ፕሬዚዳንት ሆኖ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ እንኳ የሃቫና ሀብታሞች የጀልባ ክበብ በቀለሙ ምክንያት አባልነት ነፍጎታል። አገር የሚገዛው ሰውዬ ክበብ መግባት አልቻለም።

በ1959 አብዮቱ መጣ። በቀለም መለየት በአዋጅ ቀረ፤ ቁማር ቤቱም በ1960 ተዘጋ። በ1962 የሚሳኤሉ ፍጥጫ ጊዜ ግቢው ውስጥ ምሽግ ተቆፈረ፣ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ተጠመደ። ምሽጉ አሁን ለጎብኚ ይታያል። ጣዎሶች በሚንጎራደዱበት የአትክልት ቦታ ውስጥ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት ፈረሰችና ኩባ ዶላር አጣች፤ መንግሥት ፊቱን ወደ ቱሪስት አዞረ። ያኔ በሩ እንደገና ተዘጋ። አሁን የተዘጋው በኩባዊው ላይ ነው! ገንዘቡን ቆጥሮ ቢያቀርብ እንኳ ተራ ኩባዊ ቱሪስት ሆቴል ውስጥ ክፍል መያዝ አይችልም ነበር። ክልከላው የተነሳው በመጋቢት 2008፣ ራውል ካስትሮ ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ወር ነው። በዚያን ጊዜ የአንድ ኩባዊ አማካይ የወር ደመወዝ 20 ዶላር አካባቢ ነበር፤ የናሲዮናል የአንድ ሌሊት ዋጋ ደግሞ ከ100 ዶላር በላይ።

አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር ኦጋዴን የወደቁ ኩባውያን ወታደሮች ፎቶ ተደርድሯል። ብዙዎቻችን በታክሲ እናልፈዋለን። እኔ አሁን ሳልፍ የማስበው ስለ ጓደኞቻቸው ነው። ሞተው ሳይቀሩ ስለተመለሱት። አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለእኛ የተዋጋ ሰው በ1995 የሠርጉን ዓመት ለማክበር ሚስቱን ናሲዮናል ይዞ ቢሄድ፣ በር ላይ ይመለስ ነበር።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ክፍል ከሚያከራይ ግለሰብ ቤት አደረ፤ የግል ቤት ለአሜሪካዊ አልተከለከለም። በማግስቱ ማሌኮን አጥር ላይ፣ አባቱ በተቀመጡበት በኩል ተቀምጦ ፎቶ ተነሳና ላከላቸው። ሆቴሉ ከጀርባው ይታያል።

አባትየው ፎቶውን አይተው ስለ ሆቴሉ ምንም አላሉም። የጠየቁት ስለ ኮፔሊያ ነው፤ ከሆቴሉ ወደ ላይ ሲወጣ ያለው የታወቀው አይስክሬም ቤት። ሰልፉ አሁንም ዙሪያውን ይዞራል ወይ ብለው።