የጎንደሩ ከንቲባ ልጅ ወንበር

ስዊዘርላንድ ሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደችው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ እሱም ወንዶቹ በሕዝበ ውሳኔ ከተስማሙ በኋላ። በልጅነታቸው እዚያው አገር ተልከው የተማሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት ግን ከዚያ 14 ዓመት ቀድመው አዲስ አበባ ላይ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል፤ ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ያስተማረቻቸው አገር ሴቶቿን ከምርጫ ጣቢያ ደጅ ስታቆም እሳቸው ሕግ ያወጡ ነበር።

የስንዱን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች ከአዲስ ዓለም ይጀምራሉ፤ የተወለዱት እዚያ ስለሆነ። እኔ ግን ወደ ጎንደር መለስ ልበል። አባታቸው ገብሩ ደስታ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጎንደር ምድር ተወልደው፣ ከሚሲዮናውያን ጋር ባሕር ተሻግረው ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና የተማሩ ሰው ነበሩ። አፄ ምኒልክ የጎንደር ከንቲባ አድርገው ሾሟቸውና ማዕረጉ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ቀረ። በ1924 ሥራ በጀመረው የመጀመሪያው ፓርላማም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ወንድ ልጅ ብቻ በሚላክበት ዘመን ስንዱንና እህታቸውን የውብዳርን ወደ አውሮፓ የላኩ አባት እኚህ ናቸው። የፓርላማ ወንበር በአንድ ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አባትየው በሹመት፣ ልጅቱ በድምፅ መግባታቸው ነው።

በአባትና በልጅ መካከል ያለው ዘመን ግን ለሴት የተመቸ አልነበረም። ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት መጋቢት 24 ቀን 1922 ነው። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ነው። ሴት ዙፋን ላይ ተቀምጣ በነበረበት አገር፣ ገና ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ፣ የተቋቋመው ምክር ቤት አንዲት ሴት አልነበረበትም። እንደራሴዎቹን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ስለነበሩ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ መራጩ ወንድ ሲሆን ተመራጩም ወንድ ነው።

የሰሜን ሰው ደግሞ ሴት በመንግሥት ጉዳይ ስትገባ ማየት ብርቁ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ናቸው። የጣይቱን ብልሃት አገር ያውቀዋል። ባለቤታቸው አፄ ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ በወደቁ ጊዜ ግን መኳንንቱ ተማክረው በ1902 ከሥልጣን አራቋቸው። በዚያን ጊዜ የሴት ሥልጣን በባል ወይም በዘር የሚመጣ እንጂ በሕግ የታጠረ ስላልነበረ፣ የሚነጠቀውም እንደዚያው በቀላሉ ነበር።

ሕግ የገባው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው። 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ አባላትን እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ በ1949 ምርጫ ተደረገና ስንዱ ገቡ። ከመግባታቸው በፊት የነበረው ኑሯቸው ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎሬ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ፣ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታሰሩ፣ ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ፣ በ1942 «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ለቀረበ ሰው ምርጫ ይከብዳል አይባልም። የሚከብደው ለሌላዋ ነው።

ምክንያቱ ሕጉ ውስጥ አለ። ለእንደራሴነት የሚወዳደር ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ 1000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። በያኔው ቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ይህ ነገር ሲታሰብ መልኩ ይለወጣል። በጎንደር አገር ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ነበር፤ ሴት ልጅ ድርሻዋን ትጠይቅ፣ ተሟግታም ትወስድ ነበር። ነገር ግን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም ነበር፤ መሬቷን ባሏ ያርሰው፣ ባል ከሌላት ለእኩል አራሽ ትሰጥ ነበር። ግብር የሚከፈለው በወንድ ስም፣ ሸንጎ የሚቀመጠውም ወንድ ነበር። እናም ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነስታ በንብረቷ «እወዳደራለሁ» የምትል ሴት በሕጉ አልተከለከለችም፤ በስሟ የሚቆጠር ነገር ስለሌላት ነው የቀረችው።

የደርግን ዘመን ቶሎ ልለፈው። በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከ1987 ወዲህ ቁጥሩ የሄደበት መንገድ ግን ቆም ብሎ ማየት ይገባዋል። በመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሴቶች ከመቶ 3 አይሞሉም ነበር። በ1992 ከ547ቱ 42 ሆኑ። በ1997 ወደ 117 ዘለሉ፤ በ2002 ወደ 152፣ በ2007 ወደ 212። በ2013 ከተመረጡት ከመቶ 40 በላዩ ሴቶች ናቸው። በ1992 እና በ1997 መካከል ምን ተፈጠረ? የመራጩ ልብ በአምስት ዓመት ሦስት እጥፍ አልሰፋም። ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ከዕጩዎቹ ከመቶ 30 ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ፤ አብዛኛውን ወንበር የሚያሸንፈው እሱ ስለነበረ ውሳኔው በቀጥታ ምክር ቤት ገባ። በር የከፈተው ዕጩ የሚያቀርበው ክፍል ነው።

ሩዋንዳን ለማነጻጸር እናንሳ። እዚያ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ለሴቶች ወንበር ለይቶ አስቀምጧል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ምርጫ ሴቶች የምክር ቤቱን ከግማሽ በላይ የያዙት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች የደረሰባቸውን የቆየ በደል ለመካስ ልዩ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል እንጂ ወንበር አይቆጥርም። ቆጠራው ለፓርቲ ተተወ። ፓርቲ የሰጠውን ፓርቲ ሊነሳ ይችላል፤ ይህን የምለው ከጣይቱ ታሪክ ጋር አያይዤ ነው።

ደባርቅ ላይ ይህ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው በምርጫ ወረቀቱ ነው። የድምፅ መስጫው ላይ ስም አለ፣ ከስሙ ጎን ምልክት አለ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት የሚያዩት ምልክቱን ነው፤ በኢሕአዴግ ጊዜ ንብን፣ በ2013 ደግሞ የብልጽግናን አምፖል። ከቡይት ራስ ደጋ ወርደው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተሰልፈው የሚመርጡ ሴት ማንን መረጡ ቢባሉ «ንብን» ወይም «አምፖሉን» ሊሉ ይችላሉ፤ ዕጩዋ የማን ልጅ እንደሆነች ላያውቁ ይችላሉ። ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ዕጩዋም ብትሆን ለመራጯ ሳይሆን ላቀረባት ክፍል መልስ እንድትሰጥ የሚያደርጋት አሠራሩ ነው።

ቢሆንም ቁጥር ባዶ ነው የሚሉትን አልቀበልም። የሴት እንደራሴዎች ቁጥር ባደገባቸው በእነዚያው 1990ዎቹ የአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘግብ በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍር፣ ፎቶግራፋቸውም ጎን ለጎን እንዲለጠፍ አደረገ። በ1949 ለእንደራሴነት የተጠየቀው ንብረት «የማን ነው?» ሲባል ለዘመናት የወንድ ስም ሲጠራ የኖረበት አገር ላይ፣ አሁን አንዲት የዳባት ገበሬ ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ የራሷን ፊት ማሳየት ትችላለች። ባሕር ዳር የሚቀመጠው የክልሉ ምክር ቤትም በቅርብ ዓመታት በሴት አፈ ጉባኤዎች ተመርቷል፤ ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል በ2010 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነው ተመርጠዋል፤ የ2013ቱን ምርጫ ያስፈጸመውን ቦርድ የመሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው።

ያ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን ተደረገ። አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ከመከፈቱ በፊት በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ደርሶ ሲቪሎች አልቀው ነበር፤ ደባርቅም በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ድምፅ የሰጡ ብዙ ሴቶች እንደራሴዎቻቸው ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት ቤታቸውን ለቀቁ። እንደራሴ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው የሚከብደው።

በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ለፓርቲዎች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ ሲከፋፈል የሴት ዕጩዎች ብዛት ከግምት እንዲገባ ያደርጋል። ጥሩ ነው፤ ግን የሚቆጥረው ዕጩን ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት በእኛ ሥርዓት፣ ፓርቲው ሴቷን እንደሚሸነፍ በሚያውቅበት ወረዳ አቅርቦ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርጫ የዕጩዎች ዝርዝር ሲለጠፍ፣ ስንት ሴቶች እንደቀረቡ ከመቁጠር አስቀድሞ ፓርቲው ማሸነፍ በሚችልባቸው ወረዳዎች ማንን እንዳቀረበ ማየት ነው።