ስምን ከመዝገብ ውስጥ ፈልጎ የማግኘት ስልት

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በወረቀት ተይዘው የቆዩ መዛግብት ወደ ኮምፒውተር በተሸጋገሩ ቁጥር የባለጉዳይን ፋይል ፈልጎ የማግኘቱ ኃላፊነት ከመዝገብ ቤት ሠራተኛው ዓይንና ትውስታ ወደ ኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይተላለፋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ "አልተገኘም" የሚል መልስ ሲሰጥ ፋይሉ በእርግጥ የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ስሙ የተመዘገበበት ፊደልና የተፈለገበት ፊደል በመለያየታቸው ብቻ በመዝገቡ ውስጥ ያለ ሰው እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል።

ኮምፒውተር አንድን ቃል ከረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለይቶ የሚያወጣባቸው ዘዴዎች በኮምፒውተር ሳይንስ የፊደላት ተርታ ማዛመጃ ስልተ ቀመሮች በመባል ይታወቃሉ። ከእነዚህም ቀላሉ ተፈላጊውን ቃል በጽሑፉ መነሻ ላይ በማስቀመጥ ፊደል በፊደል ማነጻጸር፣ ካልገጠመም አንድ ፊደል ወደፊት ተራምዶ እንደገና ከመጀመሪያው መነሳት ነው። ይህ ዘዴ ለአጭር ጽሑፍ በቂ ቢሆንም ለትልቅ መዝገብ አድካሚ ሊሆን ይችላል። አንድ ሚሊዮን ፊደላት ባሉት ጽሑፍ ውስጥ ባለ 10 ፊደል ቃል ቢፈለግ፣ እጅግ አስቸጋሪ በሆነው ሁኔታ የንጽጽሩ ብዛት እስከ 10 ሚሊዮን ይደርሳል።

የቃላት ውስጣዊ አወቃቀር

ለችግሩ መፍትሔ የተገኘው የተፈላጊውን ቃል የራሱን አወቃቀር አስቀድሞ በማጥናት ነው። ዶናልድ ክኑዝ፣ ጄምስ ሞሪስና ቮን ፕራት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 በጋራ ያሳተሙት ስልተ ቀመር በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ለምሳሌ "ለምለም" የሚለው ቃል የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ክፍል አንድ ዓይነት ሲሆን ይኸውም "ለም" ነው። ፕሮግራሙ "ለምለሙ" የሚለውን ቃል ሲያገኝ ሦስቱ ፊደላት ገጥመው አራተኛው ይለያል። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው ፊደል "ለ" የአዲስ ግጥሚያ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ከቃሉ አወቃቀር አስቀድሞ ስለሚያውቅ ያለፈውን ጽሑፍ ተመልሶ ማንበብ አያስፈልገውም። በዚህ ዘዴ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የንጽጽሩ ብዛት ከሁለት ሚሊዮን ገደማ አይበልጥም።

በዚያው ዓመት ሮበርት ቦየርና ጄ ሙር ያወጡት ስልት ደግሞ ንጽጽሩን ከቃሉ መጨረሻ ይጀምራል። "አስተዳደር" የሚለው ባለ ስድስት ፊደል ቃል ሲፈለግ በጽሑፉ ስድስተኛ ቦታ ላይ የተገኘው ፊደል "ቢ" ቢሆን፣ ይህ ፊደል በቃሉ ውስጥ ስለሌለ ስድስቱን ቦታዎች በአንድ ጊዜ መዝለል ይቻላል። ፊደላቱ በበዙ ቁጥር እንዲህ ያለው ዝላይ ስለሚደጋገም፣ መደበኛ ፊደላቱ ብቻ 33 በ7 ሲባዙ 231 ለሆኑት የአማርኛ ጽሕፈት ስልቱ ተስማሚ ነው። ብዙ ቃላትን በአንድ ንባብ ለመፈለግ የሚያስችለው የአልፍሬድ አሆና የማርጋሬት ኮራሲክ ስልት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የቤተ መጻሕፍት መረጃ ፍለጋን ለማገዝ ነበር።

የእነዚህ ስልቶች መሠረት የቃላት ቅንብር ሒሳብ ሲሆን፣ የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ኖርዌያዊው የሒሳብ ሊቅ አክሴል ቱ ናቸው። ቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ባወጡት ጥናት በሦስት ፊደላት ብቻ፣ ተከታትሎ የሚደገም ክፍል የሌለበት ማለቂያ የሌለው ተርታ መጻፍ እንደሚቻል አሳይተዋል። በሁለት ፊደላት ግን ይህ አይቻልም። "ለመለ" ከሚለው ተርታ ቀጥሎ "ለ" ቢጻፍ "ለለ"፣ "መ" ቢጻፍ ደግሞ "ለመ" ሁለት ጊዜ ይደገማል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን የተሠራው ይህ ጥናት ከአስርት ዓመታት በኋላ በቃላት ውስጥ ያለውን ድግግሞሽ ለሚያጠኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎች መነሻ ሆኗል።

የአማርኛ ልዩ ሁኔታ

ከላይ የተገለጹት ስልቶች ሁሉ አንድ ፊደል ከሌላው ጋር ወይ አንድ ነው ወይም አይደለም በሚል መርህ ይሠራሉ። በአማርኛ ግን በድምፅ አንድ ሆነው በመልክ የሚለያዩ ፊደላት መኖራቸው ይታወቃል። "ፀሐይ" የሚለው ስም የመጀመሪያው ድምፅ በ"ፀ" ወይም በ"ጸ"፣ ሁለተኛው ደግሞ በ"ሀ"፣ "ሃ"፣ "ሐ"፣ "ሓ"፣ "ኀ" ወይም "ኃ" ሊጻፍ ስለሚችል በጠቅላላው 12 አጻጻፎች ይኖሩታል። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለው ስም የ"ሃ" ስድስት፣ የ"ሥ" ሁለት እና የ"ሴ" ሁለት አማራጮች ሲባዙ 24፣ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉ ሲታከል 48 አጻጻፎች ይደርሳል። ሁሉም በተግባር የሚያጋጥሙ ባይሆኑም ለኮምፒውተሩ እያንዳንዳቸው የተለያዩ ስሞች ናቸው። በኢትዮጵያ አንድ ሰው የሚታወቀው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በመሆኑ እያንዳንዱ ስም አራት አጻጻፍ ቢኖረው ሙሉ ስሙ 64 መልክ ይኖረዋል።

ለዚህ የሚሰጠው መፍትሔ በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ወጥ ፊደል የሚመልስ የፍለጋ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነው። በዚህ ጊዜ ባለጉዳዩ ያስመዘገበው አጻጻፍ እንዳለ ተጠብቆ፣ ወጥ የሆነው ቅጂ ለፍለጋ ብቻ በተለየ ዓምድ መያዝ ይኖርበታል። በግዕዝ "ሠረቀ" ወጣ ወይም ፈነጠቀ ሲሆን "ሰረቀ" ግን የሌብነት ቃል በመሆኑ ፊደል መቀየር ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። በትግርኛም "ሀ" እና "ሐ"፣ "አ" እና "ዐ" የተለያዩ ድምፆች ስለሆኑ ለአማርኛ የተዘጋጀን ሠንጠረዥ በቀጥታ ለትግርኛ ስሞች መጠቀም የተለያዩ ስሞችን ያቀላቅላል። "ገ/ማርያም" እና "ገብረ ማርያም" የመሳሰሉት በምህጻረ ቃልና በሙሉ የሚጻፉ ስሞችም የራሳቸው ሠንጠረዥ ያስፈልጋቸዋል።

የኮድ አንድነትና የሰው ውሳኔ

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ዓለም አቀፍ ኮድ አግኝቷል። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲፈለግ በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ሆኖ ቢታይም አይገኝም ነበር። በመሆኑም የቆዩ ፋይሎች ወደ አዲስ ሥርዓት ከመግባታቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ መለወጣቸው የፍለጋው ቅድመ ሁኔታ ነው።

የአጻጻፍ ስህተትን ለማለፍ ደግሞ ሩሲያዊው ቭላድሚር ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት መለኪያ አገልግሎት ላይ ይውላል። መለኪያው አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል። በ"ተስፋዬ" እና በ"ተስፋየ" መካከል ያለው ርቀት አንድ ሲሆን ሁለቱ የአንድ ሰው ስም ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም በ"አበበ" እና በ"አበባ" መካከል ያለው ርቀትም አንድ ነው፤ እነዚህ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በዚህም ምክንያት ተቀራራቢ ስሞችን ዘርዝሮ ማቅረብ የኮምፒውተሩ፣ ከልደት ቀን፣ ከትውልድ ቦታና ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር አገናዝቦ መወሰን ደግሞ የሠራተኛው ድርሻ ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ለተመዝጋቢ የሚሰጠው ልዩ ቁጥር የስም አጻጻፍ ልዩነት የሚፈጥረውን ችግር ለማቃለል ይረዳል። ይሁንና ቀደም ሲል የተያዙ የጡረታ፣ የይዞታና የፍርድ ቤት መዛግብት የተመዘገቡት በስም በመሆኑ፣ ለባለጉዳዩ "ፋይልዎ የለም" ከመባሉ በፊት ስሙ በሌሎቹ አጻጻፎች ጭምር መፈለጉን ማረጋገጥ አስፈላጊ ነው።