ከግሸን አምባ እስከ ፈንዲቃ ደጅ

እስቲ አቦሉ እስኪፈላ አንድ ነገር ላውጋችሁ። ጠጋ ጠጋ በሉ። «ተረት ተረት» ብዬ አልጀምርም፤ እናንተም «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የሆነ ነገር ነውና።

ከደሴ ወደ ሰሜን፣ አምባሰል ውስጥ፣ ግሸን የሚባል አምባ አለ። ዙሪያው ገደል ነው። አናቱ መስቀል ሆኖ አራት ክንዱን ዘርግቷል፤ መውጫው ጠባብ ነው። ዛሬ ግሸን ማርያም ሲባል ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ ዣንጥላና ከበሮ ነው። እኔ የምጀምረው ግን ሰው ወዶ ከማይወጣበት ግሸን ነው።

ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንስቶ ግሸን የነገሥታት ልጆች ወህኒ ነበር። አንዱ ሲነግሥ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙት አምባው ላይ ይቀመጣሉ። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ይመክሩና ሰው ይልካሉ፤ አንዱ ወርዶ ይነግሣል፣ የቀሩት እዚያው ያረጃሉ። እዚያው ሚስት ያገባሉ፣ እዚያው ይወልዳሉ። የሚወለደው ልጅም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ እስረኛ ነው።

በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ በዚያ በኩል አልፏል። ከባልደረቦቹ ጋር ወደ አምባው ጠጋ ብለው ኖሮ ድንጋይ ወረደባቸው፤ መጠጋትም ክልክል ነበራ! እሱ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ ከልቤ አይወጣም። አንድ የነገሥታት ዘር ማምለጥ ፈለገና ቅርንጫፍና ቅጠል ለብሶ፣ ቁጥቋጦ መስሎ ቁልቁል ወረደ። የሚያርሱ ገበሬዎች ቀና ቢሉ ቁጥቋጦ ይሄዳል። የአምባሰል ገበሬ ብዙ ነገር አይቷል፤ የሚሄድ ቁጥቋጦ ግን አላየም። ቀርበው ቢያዩት ሰው ነው፤ ያዙት። ከዚያ ወዲያ ምን እንደደረሰበት ቡና ላይ አይወራም።

ከአልቫሬዝ ዘመን በፊት፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብም ከዚህ እስር ወርዶ የነገሠ ነው፤ በ1426 ዓ.ም. ገደማ። በቤተ ክርስቲያን እንደሚተረከው አባቱ አፄ ዳዊት ያስመጣውን የጌታን ግማደ መስቀል ይዞ፣ መስቀልን በመስቀል ላይ እንዲያኖር በራእይ ታዞ፣ አገር ለአገር ዞረ። መስቀለኛ ቦታ ሲፈልግ ያገኘው ያንኑ አምባ ነው። ልብ በሉ፤ ወህኒው በአንድ ቀን አልተዘጋም። መስቀሉ እያለም ልጆች ይታሰሩ ነበር። ወህኒው የቀረው እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አህመድ ጦር አምባውን ከያዘ በኋላ ነው። የጎንደር ነገሥታት ኋላ የራሳቸውን ወህኒ አምባ አበጁ። ግሸን ለተሳላሚው ቀረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ግሸን ምኗ ተለወጠ? ገደሉ ያው ገደል ነው፤ መውጫውም ያው መውጫ። የተለወጠው የበረኛው ሥራ ነው። ድሮ ሰው እንዳይወርድ ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ መስከረም 21 ሲደርስ ስንት ሺህ ሰው በዚያች ጠባብ መውጫ ተራ ይዞ ይወጣል። አሮጊቷ በልጅ ልጇ ትከሻ ተደግፋ፣ ጎረምሳው ጓዝ ተሸክሞ፣ ገሚሱ በባዶ እግሩ። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ነው፤ ማኅሌቱ ከውስጥ፣ የምእመኑ መዝሙር ከውጭ፣ ከጎንደር የመጣው ከሸዋው ጋር ቆሎ ይካፈላል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 በጻፈው «ራሴላስ» የሐበሻ ንጉሥ ልጆች ምንም በማይጎድልበት ገነት ተዘግተው ይኖራሉ። ሰውየው አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ያ በቅጠል ተሸፍኖ የወረደ ልጅ ቢያነበው ምን ይል ነበር!

አሁን ቶናው ሊደርስ ነው፤ ወደ ከተማ እንውረድ።

አምባሰል አገር ብቻ አይደለም፤ የዜማ ቅኝትም ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎን አገር ስም ይዘዋል። አምባሰልን ከማሪቱ ለገሰ ጉሮሮ ያልሰማ ካለ ቡናውን አስቀምጦ ሄዶ ይስማ። ማሪቱን ያወጣው የደሴው ላሊበላ የኪነት ቡድን ነው። በደርግ ዘመን ኪነት በየቀበሌው ነበር፤ የቀበሌ አዳራሽም የወጣቱ መለማመጃ፣ የድራማውና የጭፈራው ቤት ነበር። መዝሙሩ ግማሹ ለመንግሥት ውዳሴ እንደነበር አልክድም። ግን ከበሮ የት እንደሚመታ የሰፈር ልጅ ያውቅ ነበር። ዛሬ ብዙው አዳራሽ ስብሰባ ከሌለ ቁልፍ ነው፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበርና የድሮ ባነር።

ቅኝቱ በማሲንቆ አዲስ አበባ ወረደና ካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ገባ። በአንድ ወቅት ሰፈሩ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ነበር። ከነዚያ አንዷ ፈንዲቃ ነበረች። ጠባብ ቤት፤ ዱካ ላይ ትቀመጣለህ፤ አዝማሪው ስምህን ጠይቆ እዚያው ቤት ይመታብሃል፤ ያልሸለምክ እንደሆነ የሚቀጥለው ስንኝ ስለ ኪስህ ነው። መላኩ በላይ የሚባል ወጣት እዚያ ለሽልማት እስክስታ ይወርድ ነበር፤ ማታ ማታም እዚያው ይተኛ ነበር። ጎረቤት አዝማሪ ቤቶች አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቷን እሱ ተከራየ። ግድግዳው ላይ የወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ተሰቀለ፤ የግጥም ማታ መጣ፤ ጃዝ መጣ፤ ኢትዮከለር ባንድ ከዚያ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። ፈንዲቃ የባህል ማዕከል ተባለች። የውጭ እንግዳና የሰፈር ጎረምሳ ትከሻ ለትከሻ የሚቀመጡባት ቤት ነበረች። አንድም ባለሥልጣን ሪባን ሳይቆርጥ!

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ፈረሰች። ማዕከሉ አልሞተም፤ ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ገብቶ ይጫወታል። ሆቴሉ በሩን መክፈቱ የሚመሰገን ነው። ግን ሆቴል ሆቴል ነው፤ ካልሲ አዟሪውና ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ገብተው ጥግ አይይዙም። ሰፈሩም ራሱ ተበትኗል። መንገዱ አይስፋ፣ ከተማው አይሠራ የምል ሰው አይደለሁም። የምለው፣ ሰው ለዓመታት በላቡ ያቀናው ቤት በካርታ ላይ እንደ ማንኛውም ኪራይ ቤት መታየቱ ልክ አይደለም ነው።

የጥበብ ቤት ለማቆም ሌላም መንገድ አለ። መካኒሳ ላይ የሥነ ጥበብ ባለሙያዎቹ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ የተበከለ መሬት ይዘው አጸዱት፤ ጭቃና ጭድ አቡክተው፣ የአገር ግንበኛ ይዘው ግድግዳ አቆሙ፤ ኤልያስ ግድግዳውን እንደ ጥልፍ አደረገው። ዞማ ሙዚየም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። የአትክልት ቦታ አለው፣ ልጆች ይማሩበታል። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው ለሚል ሰው እሱን ማሳየት ይበቃል።

በረካው ቀረበ፤ የመጣሁበትን ልናገር። እናንተ የደሴ፣ የሐይቅና የውጫሌ ሹማምንት፣ የግሸን ተሳላሚ በየዓመቱ በከተሞቻችሁ ያልፋል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ዳቦ ገዝቶ፣ አምባሰልን አንዴም ሳይሰማ ይሄዳል። አዲስ ሕንፃ አትሥሩ፤ ገንዘብም አትፈልጉ። ከተቆለፉት የቀበሌ አዳራሾች አንድ አንዱን ማሲንቆ ለሚመቱት፣ ለሚሥሉትና ድራማ ለሚሠሩት የሰፈር ልጆች ስጡ። ስትሰጡም በቃል አይሁን፤ ዓመቱ የተቆጠረ፣ ማኅተም ያለበት ውል ጻፉላቸው። ይኼን ለመስከረም 21 ማድረስ ትችላላችሁ።