የአፕቲትዩድ ፈተና የስሌት ጥያቄዎች፦ ምን ይጠይቃሉ? እንዴት ይጠናሉ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲነሳ ወላጅም ተማሪም ቀድመው የሚጨነቁት ለፊዚክስና ለሒሳብ ነው። አፕቲትዩድ የሚታወሰው ፈተናው ሲቃረብ ነው። ይሁን እንጂ በአሁኑ አሠራር ተፈታኞች የሚመዘኑት በስድስት ትምህርቶች ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ የሁሉም ናቸው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨምራሉ። እያንዳንዱ ከ100 ስለሚያዝ ድምሩ 600 ይሆናል። ስለዚህ የአፕቲትዩድ አንድ ነጥብ ከፊዚክስ አንድ ነጥብ እኩል ይመዝናል።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ600 ግማሹ 300 ነው። 285 ያመጣ ተማሪ የጎደሉት 15 ነጥቦች ናቸው። እነዚህን ነጥቦች ከአፕቲትዩድ ማግኘት ይቻል ነበር ወይ? ለብዙዎች መልሱ አዎ ነው።

ለምን ይዘነጋል?

አፕቲትዩድ በብዙ ትምህርት ቤቶች የራሱ ክፍለ ጊዜም፣ የተማሪ መጽሐፍም፣ የተመደበ መምህርም የለውም። ተማሪው «የተፈጥሮ ችሎታ ስለሆነ አይጠናም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ስህተት ነው። ፈተናው ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፦ ቃላትንና ምክንያትን የሚመዝነው ቨርባል፣ ቁጥርን የሚመዝነው ኳንቲቴቲቭ። የኳንቲቴቲቩ መሠረት በአብዛኛው ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የተማርናቸው ነገሮች ናቸው፦ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ንጥጥር፣ አማካይ፣ ፍጥነት፣ ቀላል እኩልታ፣ ስፋትና ዙሪያ። የሚከብደው ሒሳቡ ሳይሆን በአጭር ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ፣ ያለ ካልኩሌተር መሠራቱ ነው። ሦስቱም በልምምድ የሚሻሻሉ ናቸው።

ደጋግመው የሚመጡ የጥያቄ ዓይነቶች

1. ፐርሰንት። አንድ ነጋዴ የ1,000 ብር ጫማ ላይ 20 በመቶ ጨመረ፤ ቆይቶ 20 በመቶ ቀነሰ። ዋጋው ስንት ሆነ? ብዙ ተማሪ «1,000» ይላል። ትክክለኛው 960 ነው። መጀመሪያ 1,200 ሆነ፤ ቅናሹ የተሰላው ከ1,200 ስለሆነ 240 ተነሳ። በፐርሰንት ጥያቄ ሁሉ «ከየትኛው ቁጥር ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ፐርሰንትን ወደ ክፍልፋይ መቀየርም ጊዜ ይቆጥባል። በየቤታችን የምናውቀው የዘካ 2.5 በመቶ ከ40 አንድ ማለት ነው። የ86,000 ብር ዘካ ስንት ነው? ለ10 ሲካፈል 8,600፣ ያ ለ4 ሲካፈል 2,150። እርሳስ ሳያነሱ ያልቃል።

2. አማካይ። አንዲት ተማሪ በአምስት ፈተና አማካይዋ 70 ነው። ስድስተኛውን ስትጨምር 72 ሆነ። ስድስተኛው ላይ ስንት አመጣች? ከአማካይ ይልቅ ድምርን አስቡ። የስድስቱ ድምር 432፣ የአምስቱ 350፣ ልዩነቱ 82 ነው።

3. ፍጥነት። ከላምበረት መናኸሪያ የተነሳ አውቶቡስ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 40 እየተጓዘ ሄደ፤ በዚያው መንገድ በሰዓት 60 ተመለሰ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? «50» የሚለው ምርጫ ወጥመድ ነው። ለመሄድ 3 ሰዓት፣ ለመመለስ 2 ሰዓት ፈጀ። 240 ኪሎ ሜትር ለ5 ሰዓት ሲካፈል 48 ይሆናል። በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚረዝም መልሱ ወደ 40 ያዘነብላል።

4. የሥራ ጥያቄ። አንድ ግንበኛ አንድን ግንብ በ6 ቀን፣ ሌላው በ12 ቀን ይጨርሳል። አብረው ቢሠሩስ? የመጀመሪያው በቀን ከስድስት አንዱን፣ ሁለተኛው ከአሥራ ሁለት አንዱን ይሠራል። ድምሩ ከአሥራ ሁለት ሦስት፣ ማለትም ሩብ ነው። በቀን ሩብ ከተሠራ በ4 ቀን ያልቃል። መልሱ ከፈጣኑ ሠራተኛ ቀን መብለጥ ስለማይችል፣ ከ6 በላይ የሆነን ምርጫ ሳታሰሉ ሰርዙ።

5. ንጥጥር። ሁለት ሸሪኮች 45,000 ብር ትርፍ በ3 ለ2 ይካፈላሉ። 3 እና 2 ተደምረው 5 እጅ ይሆናሉ። አንዱ እጅ 9,000 ነው። ስለዚህ ለአንዱ 27,000፣ ለሌላው 18,000 ይደርሳል።

6. የቁጥር ቅደም ተከተል። 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ ቀጥሎስ? በመጀመሪያ ልዩነቱን ጻፉ፦ 4፣ 8፣ 16። ልዩነቱ እየተባዛ ስለሚሄድ ቀጣዩ 32 ነው፤ መልሱ 63።

7. ማነጻጸር። የአንድ ቁጥር ካሬና ራሱ ቁጥሩ ተሰጥተው «የቱ ይበልጣል?» ይባላል። በ2 ብቻ የሞከረ ተማሪ «ካሬው» ይላል። በግማሽ ሲሞከር ግን ካሬው ሩብ ሆኖ ያንሳል፤ በ1 ሲሞከር እኩል ናቸው። መልሱ «መወሰን አይቻልም» ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ዜሮን፣ አንድን፣ ክፍልፋይንና ኔጌቲቭ ቁጥርን መሞከር ልማድ ይሁን።

እንግሊዝኛው የሚያስተው ቦታ

ስሌቱን እያወቁ ጥያቄውን ባለመረዳት የሚሳሳቱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። «አት ሊስት» ቢያንስ፣ «አት ሞስት» ቢበዛ፣ «ኮንሰኪዩቲቭ» ተከታታይ፣ «ሪስፔክቲቭሊ» እንደ ቅደም ተከተላቸው ማለት ነው። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲባል በተሰማበት ቅደም ተከተል ከ5 ኤክስ መቀነስ የለበትም፤ ከኤክስ 5 ይቀነሳል። «20 ፐርሰንት ኦፍ» ከተባለ የ100 መልስ 20 ነው፤ «20 ፐርሰንት ሞር ዛን» ከተባለ ግን 120 ነው። እንዲህ ያሉትን ሐረጎች በአንድ ገጽ ጽፋችሁ እንደ ቃላት አጥኗቸው።

የስምንት ሳምንት ዕቅድ

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሠረቱን አጽዱ፦ እስከ 15 ያለ የብዜት ሰንጠረዥ፣ እስከ 20 ያሉ ቁጥሮች ካሬ፣ ዋና ዋና ክፍልፋዮች በፐርሰንት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር ከአሁኑ ተዉት። ከላምበረት መገናኛ የሚመላለስ የታክሲ ረዳት «የሦስት ሰው ስንት? ከ200 መልሱ ስንት?» የሚለውን በቅጽበት ያሰላል። ያ ፍጥነት በየቀኑ ከመሥራት የመጣ ነው።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት በቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ውሰዱና 15 ያህል ሥሩ። በዚህ ደረጃ ሰዓት አትያዙ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። የጥያቄውን ብዛትና የተፈቀደውን ደቂቃ አይታችሁ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰውን አስሉ። ስምንተኛው ሳምንት የስህተት ደብተራችሁን የምትከልሱበት ነው።

የስህተት ደብተር ስንል የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ከነምክንያቱ የምትመዘግቡበት ነው፦ «አላውቀውም ነበር»፣ «አላነበብኩትም»፣ «ቸኮልኩ» ወይም «ስሌት ሳትኩ»። በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ ብዙ ተማሪ «አላውቀውም» ከሚለው ይልቅ በቀሩት ሦስቱ ነው ነጥብ የሚጥለው። ምክንያቱ ከታወቀ መድኃኒቱም ይታወቃል።

ፈተናው ላይ

መመሪያውን በሙሉ አንብቡ። ቀላሉን አስቀድሙ፤ አንድ ጥያቄ ከድርሻው በላይ ከወሰደ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ሙሉ ስሌት ሳትጀምሩ መልሱ በግምት የት አካባቢ እንደሚሆን አስቡ። እኩልታው ካስቸገረ ምርጫዎቹን መልሳችሁ እየከተታችሁ ሞክሩ፤ ምርጫዎቹ በመጠን ከተደረደሩ ከመካከለኛው ጀምሩ። ለስህተት ነጥብ እንደሚቀነስ መመሪያው ካልገለጸ ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር።

ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ስክሪን እያያችሁ በወረቀት ማስላትን ቀድማችሁ ተለማመዱ። ቁጥር ከስክሪን ወደ ወረቀት ሲገለበጥ መሳሳት ቀላል ነው።

ለወላጆችና ለትልልቆች

አስጠኚ መቅጠር የማይችል ቤተሰብ ልጁ ከሌሎች ወደ ኋላ እንደሚቀር ይሰጋል። ለዚህ ፈተና ግን ያለፉ ጥያቄዎች፣ አንድ ደብተርና በቀን 45 የማይቋረጡ ደቂቃዎች ብዙ ይሠራሉ። በተለይ ሴት ልጆቻችን በቤት ሥራ ብዛት እነዚህን ደቂቃዎች እንዳያጡ ቤተሰቡ ሥራውን ይካፈል። በሰፈሩ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በሳምንት አንድ ቀን ሦስት አራት ተፈታኞችን ሰብስበው ቢያሠሩ ትልቅ እገዛ ነው። ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና፣ ጋት፣ ተመሳሳይ የስሌት ክፍል አለው።

ዛሬ ማታ አሥር የፐርሰንት ጥያቄ በመሥራት ጀምሩ። የተሳሳታችሁትን መዝግቡ፤ ነገ እነዚያኑ ድገሙ። አላህ ልፋታችሁን ፍሬያማ ያድርግላችሁ።