የሥልጣን ክፍፍል በምዕራብ ጎጃም

የሥልጣን ክፍፍል ማለት የመንግሥት ሥልጣን በሕግ አውጭ፣ በሕግ አስፈጻሚና በሕግ ተርጓሚ አካላት መካከል ተለያይቶ፣ አንዱ ሌላውን እየተቆጣጠረ እንዲሠራ የሚያደርግ የአስተዳደር መርሕ ነው። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው ፈረንሳዊው ሞንተስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 የፌዴራሉም ሆነ የክልል መንግሥታት ሦስቱም ሥልጣኖች እንዳሏቸው ይደነግጋል። አብዛኛው ሰው ግን መንግሥትን የሚያገኘው በወረዳው ነው።

የወረዳው አወቃቀር

በቡሬ፣ እንደ ሌሎቹ የአማራ ክልል ወረዳዎች ሁሉ፣ የወረዳ ምክር ቤት፣ የአስተዳደር ምክር ቤትና የወረዳ ፍርድ ቤት አሉ። ዋና አስተዳዳሪውን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ሲሆን፣ የሚመረጠውም ከአባላቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሕግ አውጭውና አስፈጻሚው ሙሉ በሙሉ አልተለያዩም። ይህ የፓርላማ ሥርዓት ባሕርይ ነው፤ በራሱ ጉድለት አይደለም። ችግር የሚሆነው አንድ ፓርቲ ወንበሩን ሁሉ ሲይዝ ነው፤ ያን ጊዜ ሪፖርት አቅራቢውም ሪፖርት አድማጩም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ይሆናሉ። የምክር ቤት ዘመን 5 ዓመት ቢሆንም፣ በ2005 ዓ.ም. ከተደረገው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ለዓመታት ሳይካሄድ ቆይቷል።

ፍርድ ቤቱ ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 81 መሠረት የክልል ዳኞችን የሚሾመው በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት የክልሉ ምክር ቤት ስለሆነ፣ የወረዳው አስተዳዳሪ የወረዳውን ዳኛ አይሾምም፣ አይሽርምም።

ዞኑ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማው ፍኖተ ሰላም ቢሆንም የራሱ ተመራጭ ምክር ቤት የለውም፤ አስተዳደሩ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው። ጎረቤቱ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ግን እንጅባራ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው።

ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የመደበኛ ፍርድ ቤቶች አይደለም። በፌዴራል ደረጃ የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከወረዳና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች የተወከሉ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን ይወስናል።

ቀደምት ሁኔታ

በዘውዱ ዘመን አገር ገዥው ዳኛም ነበር፤ የመጨረሻው ይግባኝ ወደ ዙፋን ችሎት ይሄድ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ፓርላማው ባጸደቀው የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ ጥያቄው በፍርድ ቤት ወይም በምክር ቤት አልተፈታም። ጦር ከዘመተ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም በንጉሠ ነገሥቱ ተማረ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ

የቁጥጥሩ ሥርዓት በጣም የተፈተነው በ2015 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ፈጽሞ ሊታገዱ የማይችሉት መብቶች ዝርዝር ውስጥ ግን ይህ የለም፤ ማለትም ዳኛው ከሂደቱ ሊወጣ ይችላል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን በአማራ ክልል ያወጀው አዋጅ ቁጥር 6/2015 ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቅዷል። ሕገ መንግሥቱ ፓርላማው በእረፍት ላይ ሳለ ለሚወጣ አዋጅ 15 ቀን ስለሚሰጥ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአስቸኳይ ስብሰባ ያጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን ነው።

በዋዜማው፣ ነሐሴ 7 ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። በ8 ቀን ለፓርላማው ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን ሲቪል ሰዎች መጎዳታቸውን የሚያመለክት ተአማኒ መረጃ እንደደረሰው አስታወቀ።

በአዋጁ ጊዜ የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ 7 አባላት ሲኖሩት፣ የታሰሩትን ሰዎች ስም በ1 ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ኃላፊነት አለበት። ይህ ቦርድ ዳኛው ሊፈጽመው የነበረውን ቁጥጥር በከፊል የሚተካ ብቸኛ አካል ነው ማለት ይቻላል። አዋጁ በጥር 2016 ዓ.ም. ለ4 ወራት ተራዝሞ፣ በግንቦት መጨረሻ ሳይታደስ ጊዜው አልፏል።