አፓርታይድ፦ ከምርጫ መፈክር እስከ ወንጀል ስም

«አፓርታይድ» ዛሬ የክስ ቃል ነው፤ ሲፈጠር ግን ባለቤቶቹ በኩራት ያነገቡት ቃል ነበር። በአፍሪካንስ ቋንቋ «ለየብቻ መሆን» ማለት ነው። የዲ. ኤፍ. ማላን ናሽናል ፓርቲ በ1948 (እ.ኤ.አ.) መፈክሩ አድርጎት ምርጫ አሸነፈ፤ ማባበያውም እያንዳንዱ ሕዝብ በየራሱ መንገድ ይደግ የሚል ነበር። በእኔ እምነት የቃሉ ትርጉም ኋላ ላይ አልተበላሸም፤ ከጥንቱም የያዘው ነገር ገሃድ ወጣ እንጂ።

የዘር መድልዎ በደቡብ አፍሪካ ከ1948 በፊትም ነበር፣ ታዲያ ቃሉ ምን አዲስ ነገር አመጣ የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ ጥቁሮች በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መሬት እንዳይገዙ የከለከለው ሕግ የወጣው በ1913 ነው። አዲሱ ቃል ግን የተበታተነውን ልማድና ሕግ ሰብስቦ የመንግሥት ፕላን አደረገው። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው በዘር መዝገብ አሰፈረ፤ መለኪያውም መልክና ሰው ዘንድ በነጭነት መታወቅ ነበር። መዝጋቢዎቹ ሲጠራጠሩ እርሳስ ጠጉር ውስጥ ይሰካሉ፤ ወለል ላይ ከወደቀ ሰውየው ነጭ ነው፣ ተይዞ ከቀረ ግን አይደለም። አንድ ሰው የት እንደሚኖር፣ ማንን እንደሚያገባ፣ ልጁ ምን እንደሚማር የሚወስነው ይህ ምዝገባ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ «ለየብቻ ማደግ» ብሎ መጥራት ገና ከመነሻው ውሸት ነበር።

ከቃሉ ቀድመው የሸሹትም ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንድሪክ ፌርቩርድ «መልካም ጉርብትና» ሲል አለዘበው፤ ከዚያም «የተናጠል ልማት» የሚለው መጠሪያ መጣ። ሥራው ግን የለዘበ አልነበረም፤ በመጋቢት 1960 ሻርፕቪል ላይ ጥቁሮች እንዲይዙ የሚገደዱትን የይለፍ ደብተር የተቃወሙ 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። በዚያው ዓመት የቀድሞ የመንግሥታቱ ማኅበር አባላት የነበሩት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ አፓርታይድን በማኅበሩ አደራ ተቀብላ ወደምታስተዳድራት ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ ዛሬዋ ናሚቢያ፣ በማስፋፋቷ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ተከሳሿ ፖሊሲው ለነዋሪዎቹ ደኅንነት የታሰበ ነው ብላ ተከራከረች። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅም ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። ፍርድ ቤቱ ስለ አፓርታይድ ሕጋዊነት ያለው ነገር አልነበረም፤ ይህ ሽሽት ዛሬም ያሳፍራል።

ቃሉ ከደቡብ አፍሪካ ውጭ ሲነገር ይረክሳል፣ የዚያ ሕዝብ መከራም ይደበዝዛል የሚል ተቃውሞ አለ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ማንኛውንም በደል አፓርታይድ ማለት ቃሉን ባዶ ያደርገዋል። መፍትሔው ግን ቃሉን ሙዚየም ማስገባት ሳይሆን መለኪያ ማበጀት ነው፤ ይህም ተደርጓል። አፓርታይድን ወንጀል ያለው የ1973ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የደቡባዊ አፍሪካን ስም ይጠራ ነበር። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መመሥረቻ በሆነው በ1998ቱ የሮም ስምምነት የሰፈረው የአፓርታይድ ትርጉም ግን ምንም አገር አይጠቅስም። የሚጠይቀው አንድ ዘር ሌላውን በተደራጀ ሥርዓት እየጨቆነ መግዛቱንና ይህንኑ ሥርዓት ለማቆየት ማሰቡን ነው።