ማሸማቀቅ

ከ«ሸመቀቀ» የመጣ ነው፤ በሳቡት ቁጥር የሚጠብቀው ሸምቀቆም ዘመዱ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ በቴሌግራም ሰው ሲያሸማቅቅ ቢይዙት «ተረብ ነው» ይላል። አይደለም። ተረብ መልስ አለው። በዲማም ሆነ በዋሸራ ጉባኤ ቅኔ የሚነቅፍ ተማሪ ፊት ለፊት ይነቅፋል፤ ተነቃፊውም አጸፋውን ይመልሳል። የዶርም ፎቶዋ በግሩፕ የተለቀቀባት ልጅ ግን ለማን ትመልስ? የለቀቀው ስም የለውም፤ የተቀባበለው እልፍ ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ እየላኩ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርን እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይቀጣል፤ ከከበደም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት። «ቤተሰብ» መጨመሩ ደግ ነው፤ እኛ ዘንድ ስድብ እናትን ሳይነካ አያልፍማ።